የታንክስጊቪንግ ሰላምታ ለዳገት ወዳጆች

ወዳጆች፣ እንኳን ለታንክስጊቪንግ በሰላም አደረሳችሁ! ቤት ሞልቶላችሁ ከቤተሰብ ጋር ለተቀመጣችሁ፣ ዛሬም ሥራ ለገባችሁ፣ የአገር ቤት ሰው ድምፅ በስልክ ሰምታችሁ በዓሉን ለምትውሉ፣ ለሁላችሁም መልካም ቀን። ብሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ። ነገ ማታ ግን አንድ ሰዓት አትርፉ፤ የብስክሌታችሁ ካቴና ዘይት ይፈልጋል። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ የፒትስበርግን ዳገቶች በብስክሌት የምንወጣበት ደርቲ ደዝን ነው።

ስሙ ደርዘን ይበል እንጂ ዳገቶቹ 13 ናቸው፤ መንገዱም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዳኒ ቹ፣ ወንድሙ ቶም ቹና ቦብ ጎትሊብ በ1983 እ.ኤ.አ. የፒትስበርግን እጅግ ዳገታማ ጎዳናዎች በአንድ ቀን ለመውጣት ሲነሱ፣ የጉዞው ዋና ሕግ ቀላል ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ከግርጌ እስከ ጫፍ እግር መሬት አይነካም። የቆመ፣ የወደቀ፣ የወረደ ተመልሶ ከግርጌ ይጀምራል። ለሚሽቀዳደሙት በየዳገቱ ቀድመው ጫፍ ለሚደርሱ 10 ሰዎች ነጥብ አለ፤ የብዙው ሰው ጉዳይ ግን 13ቱንም መጨረስ ነው። ደግሞም በዳገትና በዳገት መካከል ቡድኑ ይጠባበቃል። ከሕጎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄንን መጠባበቅ ነው።

ዘንድሮ ሰላምታዬ ጎዶሎ ነው። ጋሼ የሉም። በሚያዝያ አረፉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ስማቸው ሲጠራ ደስ የሚላቸው ሰው አልነበሩም። ካንተን የምትባለው ዳገት ላይ የወደቀ ሁሉ ግን ያውቃቸዋል፤ ከመሬት ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው የእሳቸውን ፊት ነውና።

ካንተን አቬኑ ቢችቪው ሰፈር ያለች አጭር ጎዳና ናት። ዳገቷ ቢበዛ 65 ሜትር ነው። የተመዘገበላት ተዳፋት 37 በመቶ (በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ 37 ሜትር መውጣት ማለት ነው) ሲሆን፣ በጊነስ መዝገብ የዓለም እጅግ ዳገታማ ጎዳና የሚባለው የኒውዚላንዱ ባልድዊን ጎዳና 34.8 በመቶ ነው። አለካኩ ስለሚለያይ ክርክሩ አያልቅም። ካንተንም ብትሆን 37 የምትሞላው 6 ሜትር ተኩል ያህል ላይ ብቻ ነው፤ ሰው የሚወድቀውም እዚያችው ላይ ነው። ንጣፏ ኮብልስቶን ነው፤ ጊዜው ደግሞ የኅዳር መጨረሻ ነው፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው የጨረሱበት፣ ሌሊት ያካፋው የማይደርቅበት።

ጋሼ የቅዳሜ ንጋት ላይ መጥረጊያቸውንና ወፍራም የቆዳ ጓንታቸውን ይዘው ካንተን ይደርሱ ነበር፤ ብስክሌተኞቹ ገና ቁርስ ሳይበሉ። ከላይ ወደ ታች ይጠርጋሉ፤ ከታች ወደ ላይ የተገፋ ቅጠል ተመልሶ የተጠረገው ላይ ይንሸራተታል። በድንጋዮቹ ስንጥቅ የተጠቀጠቀውን በቀጭን እንጨት ይፈለፍሉታል። አንድ ጊዜ ያንን ስንጥቅ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቅጠሉ በስብሶ ከአፈሩ ጋር ተለውሶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል፤ በጣት ሲነካ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ከላይ ጠረግ ብሎ ቢታለፍ ጎማው የሚረግጠው ያንን ነው።

ያን ያህል የተጨነቁበት ምክንያት አላቸው። በዚህ ተዳፋት ላይ የኋላው ጎማ የጠቅላላውን ክብደት አራት አምስተኛ ተሸክሞ እንኳ፣ ላለመሾር 0.46 ያህል የሰበቃ መጠን (ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ልክ) ይፈልጋል። ደረቅ ኮብልስቶን ይህን ይሰጣል፤ እርጥብ ቅጠል የሸፈነው አይሰጥም። ታዲያ ክብደትን ሁሉ ወደ ኋላ አድርጎ ጎማውን መጫን ነዋ፣ ትሉ ይሆናል። ያኔ ደግሞ የፊት ጎማው ይነሳል። ኮርቻው ላይ ተደላድሎ ለተቀመጠ ሰው ብስክሌቱ ወደ ኋላ የሚገለበጥበት ተዳፋት ከ40 በመቶ ብዙም አይርቅም፤ ካንተን ላይ የፊት ጎማው ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ አንድ ጠንካራ ርግጫ ያነሳዋል። ቆሞ ወደ ፊት የተደፋ ሰው የኋላው ይሾርበታል፣ ተቀምጦ የተዝናና የፊቱ ይነሳበታል። ጋሼ ይሄንን በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚሉት፦ «የኮርቻው አፍንጫ ላይ ተቀመጥ፣ ክርንህን እጠፍ፣ ደረትህን ወደ መሪው አውርድ፣ መሪውን ወደ ላይ አትጎትት፣ ወደ ራስህ ወደ ታች ሳበው።» ከዚያ ዝም ይላሉ። ዳገት ላይ ያለን ሰው ሁለት ጊዜ አያዙትም።

ማርሽን በተመለከተ ግን ዝም አይሉም ነበር። ብስክሌቱን ጨምሮ 80 ኪሎ የሚሆን ሰው 37 በመቶው ላይ ሲደርስ፣ 28 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ታች ይስበዋል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ብቻ 380 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ኮብልስቶኑ በመንገጫገጭ የሚበላው ሳይቆጠር። ፊት ፔዳሉ ዘንድ 39፣ ኋላ ጎማው ዘንድ 25 ጥርስ ያለው ማርሽ ይዞ የመጣ ሰው በዚያ ፍጥነት ፔዳሉን በደቂቃ 25 ጊዜ ብቻ ነው የሚያዞረው፤ በፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በአማካይ 84 ኪሎ መሆን አለበት። የራሱ ክብደት 70 ኪሎ ከሆነ መቆሙ ብቻ አይበቃውም፤ ቀሪውን በክንዱ ስቦ ማምጣት አለበት፤ ክንድ ሲስብ ደግሞ የፊት ጎማው ይነሳል። ፊት 30፣ ኋላ 34 ያደረገ ግን በደቂቃ 45 ጊዜ እያዞረ በአማካይ 47 ኪሎ ይረግጣል። ልዩነቱ ይኸው ነው። «ትልቅ ጥርስ ለኋላ፣ ትንሽ ለፊት፤ ኩራት ለቤት» ይሉ ነበር ጋሼ፣ የሰውን ማርሽ ጎንበስ ብለው እየቆጠሩ።

ማርሹ ደግሞ የሚገባው ከዳገቱ በፊት ነው። የተወጠረ ካቴና ከጥርስ ወደ ጥርስ በወጉ አይዘልም፤ ይንቋቋል፣ ይሰነቀራል፣ ከባሰም ይበጠሳል፤ ፔዳሉ ድንገት ባዶ ሲሆን ሰውዬው በጉልበቱ መሪው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነገ ማታ ካቴናችሁን ለኩ። የአዲስ ካቴና 24 አንጓ ሲለካ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊሜትር ነው፤ ያው 24 አንጓ 306.3 ከደረሰ ግማሽ በመቶ ተለጥጧል፣ ይቀየር። ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለባትን ትንሿን ብረትም ከኋላ ቆማችሁ እዩ። ወደ ውስጥ ከታጠፈች፣ የመጨረሻውን ትልቅ ጥርስ ስታስገቡ ካቴናው ጥርሱን አልፎ የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ይገባል፤ ያን ቀን ጉዞው እዚያ ያበቃል። የጎማችሁ ስፋት 28 ሚሊሜትር ከሆነና 70 ኪሎ ከሆናችሁ፣ በአየሩ ግፊት ከ60 ፒ ኤስ አይ አትለፉ። ጠጥሮ የተነፋ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥርም መሬቱን ይለቃል።

ልብስ ላይ አልረዝምም። ጫፍ ስትደርሱ ጃኬት ልበሱ፣ ዳገት ስር ስትደርሱ አውልቁ። ላብ የነካው ሰው ሌላውን ቆሞ ሲጠብቅ ነው የሚበርደው፤ የበረደ ጡንቻ ደግሞ ቀጣዩ ዳገት ላይ ይሸማቀቃል።

አሁን ወደ ጓንቱ ልምጣ። ካንተን ላይ አንድ ሰው ሲቆም ከኋላው ያለው መሄጃ ያጣል፤ ጫማው ከፔዳሉ ጋር እንደተቆለፈ ወደ ጎን ይወድቃል፤ ሦስተኛው በእሱ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ካንተን ሁሉም በአንድ ጊዜ የማይወጣት። የፊተኛው ጠባቧን ስፍራ እስኪያልፍ ጠብቁ። ጋሼ የሚቆሙት እዚያችው 6 ሜትር ላይ፣ ከጎን ነው። ከኋላ ፈጽሞ አይቆሙም፤ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ብስክሌትና ሰው ከኋላ ያገኘውን ይዞ ነው የሚወርደው። ፔዳሉ መዞር ሲያቆም አንድ እጃቸው ብብት ስር፣ ሌላው ጀርባ ላይ ይገባል። ብስክሌቱን አይነኩትም። «ሰውየውን ያዝ፣ ብስክሌቱ ይውደቅ፤ እሱ ይጠገናል» ነበር ቃላቸው። ማንም የማይዛችሁ ከሆነ ደግሞ እንዲህ አድርጉ፦ መቆማችሁ ከታወቃችሁ አትታገሉ፤ መሪውን ወደ ጎን አዙሩ፣ ብስክሌቱ መንገዱን አግድም ይያዝ፣ የዳገቱን ጫፍ በሚያየው በኩል ያለውን እግር ፈትታችሁ አሳርፉ። የቁልቁለቱን እግር ያሳረፈ መሬት አያገኝም። የፊት ፍሬንም አይታመንም፤ ክብደቱ ኋላ ስለሆነ የፊት ጎማው እየተንሸራተተ ይወርዳል። የኋላውን ያዙ።

ማንንም ወደ ላይ ገፍተው አያውቁም። ይይዛሉ፣ ያቆማሉ፣ አቧራውን ያራግፋሉ፣ «ከታች» ብለው በጣታቸው ያሳያሉ። አንዲት ልጅ አንድ ዓመት አምስት ጊዜ ወድቃ አምስት ጊዜ ተይዛለች። ስድስተኛውን ስትወጣ ጋሼ ጓንታቸውን አውልቀው አጨበጨቡ፤ ጓንት ያደረገ ጭብጨባ አይሰማም ብለው።

ምስጋናዬን ልጨርስ፤ ቀኑ የእሱ ነውና። ዳኒ ቹን አመሰግናለሁ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠውን ሬስ አክሮስ አሜሪካ በ1996 እና በ1999 ያሸነፈ፣ በሕይወቱ አንድ ሚሊዮን ማይል ለመንዳት የተነሳ ሰው ነው። በመስከረም 2016 ኦሃዮ ውስጥ ከብስክሌት ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ከደረቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ከዚያም በእጅ በሚዞር ብስክሌት ማይሉን መቁጠር ቀጠለ። እሱ ባይነሳ እነዚህን ጎዳናዎች በመኪና እያለፍናቸው እንኖር ነበር። ዳኒ፣ እግዚአብሔር ጤናህን ያብዛልህ፣ ክንድህን ያበርታልህ።

የካንተን ነዋሪዎች ሆይ፣ በበዓሉ ሰሞን ማልዳችሁ ተነስታችሁ መኪናችሁን ከዳር ስለምታነሱልን እናመሰግናለን። የኋላውን የምትጠብቁ፣ ከመጨረሻው ሰው ጋር ቀስ ብላችሁ የምትመጡ፣ ስማችሁ ውጤት ላይ አይወጣም፤ ጉዞው ግን ያለእናንተ ጉዞ አይደለም። የካቴና ማያያዣና መፍቻ በኪሳችሁ ይዛችሁ ለማታውቁት ሰው የምትንበረከኩ፣ ተባረኩ።

አሽከርካሪ ወገኖቼ፣ ለእናንተም ምኞት አለኝ። ሪያልቶ ጎዳናን ታውቋታላችሁ፤ ድሮ ከወንዙ ዳር አሳማ ይነዳባት ስለነበር ፒግ ሂል የምትባለውን፣ 24 በመቶዋን። ጠባብ ናት። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ብስክሌት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው ግራ ቀኝ በመወላገድ ነው፤ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ሊወጣ ይችላል። የፔንሲልቬንያ ሕግ ከ2012 ጀምሮ ብስክሌት ሲታለፍ 4 ጫማ (1.2 ሜትር ያህል) ርቀት ያዛል። ቅዳሜ ለአንድ ደቂቃ ጠብቁን። ብስክሌቱ ላይ ያለው የሰው ልጅ ነው፣ ቤቱ የሚጠብቁት አሉ።

ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወጡ፦ ወድቃችሁ ብትመለሱም ያልፍላችኋል፤ ከግርጌ ያልጀመረ የለም። ዓመቱን ሙሉ ታማችሁ ለማትመጡ፦ ምሕረቱን ይላክላችሁ፤ ጫፍ ስንደርስ እንደውላለን። ለጋሼ ባለቤትና ለልጆቻቸው፦ መጽናናቱን ይስጣችሁ። ዛሬ ገበታችሁ ላይ የጎደለው ሰው ቅዳሜም ይጎድልብናል።

የጋሼን መጥረጊያ ልጃቸው ሰጥታናለች፤ እጀታው በጎማ የተጠቀለለው ያው ነው። ጓንቱን እሷ አስቀርታዋለች። ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ሲነጋጋ፣ ካንተን ጫፍ ላይ እገኛለሁ። እሳቸው ብቻቸውን የሚሠሩትን ለመሥራት ቢያንስ አምስት ሰው ያስፈልጋል፦ ሁለት ለመጥረግ፣ አንድ ስንጥቁን ለመፈልፈል፣ ሁለት ደግሞ በግራና በቀኝ ለመያዝ። ለመያዝ የምትመጡ ቢያንስ 70 ኪሎ ሁኑ፤ ጫማችሁ ሶሉ ያላለቀ ይሁን፤ ወፍራም የቆዳ ጓንት ከቤት ይዛችሁ ኑ። መጥረጊያ ያላችሁም አምጡ፤ ጭራው ጠንካራ ይሁን፣ ለስላሳው ቅጠሉን ይለጥፈዋል። ማን እንደሚመጣ እስከ ነገ ማታ ንገሩኝ።