ይቺስ ታዲያ ወንድ ናት?

ቅዳሜ ማታ ነው። የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ልታድር መጥታለች። አሥር ዓመቷ ነው። ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ልዩ ኃይል ይዘው ስለተወለዱ ጀግኖች ቡድን የሚያወራውን የመጀመሪያውን የኤክስ ሜን ፊልም እያየን ነው። እኔ እንኳ አንድ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ስቶርም ዓይኗ ነጭ ሆኖ መብረቁን ስትጠራ ልጅቷ ብድግ አለች።

«አጎቴ፣ ሜን ማለት ወንዶች አይደል?»

«አዎ።»

«ይቺስ ታዲያ ወንድ ናት?»

ሳቅኩ። «ስም ነው ባክሽ፤ ዝም ብለሽ እዪ» አልኳት። እሷ ግን ፊልሙን ትታ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ስቶርም፣ ጂን፣ ሮግ፣ ሚስቲክ። «አራት ሴቶች አሉ» አለችኝ፣ ክስ እንደሚያቀርብ ሰው።

«ሚስቲክማ ጠላታቸው ናት። እሷን አትቁጠሪያት።»

«ብትሆንስ? ሴት አይደለችም እንዴ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ፊልሙ ሳያልቅ እሷ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔን ግን አልወሰደኝም።

የቡድኑ ስም ይቀየር አይቀየር የሚለው ክርክር ለእኔ አዲስ አይደለም። በ2019 በወጣው የኤክስ ሜን ፊልም ላይ ራሷ ሚስቲክ ታነሳዋለች። እዚህ ወንዶቹን ሁሌ የሚያድኑት ሴቶቹ ናቸውና ስሙን ኤክስ ዊመን ብትለው ይሻላል ትለዋለች የቡድኑን መሥራች ፕሮፌሰሩን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በዚያው ዓመት ከማርቬል ስቱዲዮስ ኃላፊዎች አንዷ ቪክቶሪያ አሎንሶ ስሙ ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው ነበር። ያኔ ስሰማው «ደሞ ጀመሩ» ብዬ ነው ያጉረመረምኩት። ኤክስ ዊመንም ቢሆን ያው ነው፤ ከወንዶቹ አንዱ ሎጋን ምን ሊባል ነው?

እሑድ ጠዋት ልጅቷ ሳትነሳ ስለ ስሙ አመጣጥ የማውቀውን በልቤ አመላለስኩት። የኮሚኩ ጸሐፊ ስታን ሊ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ እንዳወራው፣ እሱና ሰዓሊው ጃክ ከርቢ በ1963 ቡድኑን ሲፈጥሩ መጀመሪያ ያሰበው ስም «ሚውታንቶቹ» (ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱት እንደማለት) የሚል ነበር። አሳታሚው ማርቲን ጉድማን ግን ልጆች ሚውታንት ምን እንደሆነ አያውቁም ብሎ ጣለው። ሊ ተመልሶ ኤክስ ሜን ይዞ መጣ። ያ አለፈ። ሚውታንትን የማያውቅ ልጅ ኤክስ ማንን በምን ያውቃል ብሎ ራሱ ሊ ይስቅበት ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ የታሰበው ስም ለሴትም ለወንድም የሚሆን ነበር ማለት ነው። የወደቀውም በሴቶች ምክንያት አይደለም። ያን ቀን ሴቶችን ያሰበ ሰው ያለም አይመስለኝም።

ከዚያ የኮሚኩን የመጀመሪያ እትም ከፍቼ አገላበጥኩ። አምስት ተማሪዎች ናቸው። ሳይክሎፕስ፣ ቢስት፣ ኤንጅል፣ አይስማን። አምስተኛዋ ጂን ግሬይ ናት። ገና ከመግባቷ ቢስት ሊስማት ሲሞክር በሐሳቧ ኃይል አየር ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ እዚያች ጋ ደስ ብሎኛል። የገረመኝ ግን የቅጽል ስማቸው ነው። አይስማን ከአምስቱ ትንሹ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እሱ «ማን» (በእንግሊዝኛ ሙሉ ወንድ) ተባለ። በዕድሜ የምትበልጠው ጂን ደግሞ «ማርቬል ገርል»። ትንሹ ልጅ ሙሉ ሰው ሆነ፣ ትልቋ ልጅ ሆና ቀረች። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቀን አላየሁትም።

አንዴ ዓይኔ ከተከፈተ በኋላ ሌሎቹንም ማየት ጀመርኩ። ፋንታስቲክ ፎር የሚባለውን ቡድን እንውሰድ። ስሙ ላይ ወንድ የለ፣ ሴት የለ፤ «ድንቆቹ አራት» እንደማለት ነው። ስሙ ይቀየር ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አርአያ የለም። በ1961 ቡድኑ ሲመሠረት ሱ ስቶርም «ኢንቪዚብል ገርል» ናት። በ1965 አገባች፤ ያው ገርል። በ1968 ወለደች፤ አሁንም ገርል። «ኢንቪዚብል ዉማን» ለመባል እስከ 1985 ጠብቃለች። ሃያ አራት ዓመት! እናት ሆናም «የማትታየዋ ልጅ» ነበረች። (የማትታየዋ መባሏ ራሱ ሌላ ጉድ ነው፤ ይቅር።)

ከዚያም በፊት ዎንደር ዉማን አለች። ያኔ የገባችበት ቡድን «ጀስቲስ ሶሳይቲ» ነው፤ የፍትሕ ማኅበር። ስሙ ማንንም አያስቀይምም። ጥይት በእጅ አምባሯ የምትመልስ ሴት በ1942 ማኅበሩ ውስጥ ምን ሥራ ተሰጣት? ጸሐፊነት። ቃለ ጉባኤ ትያዝ ተባለ።

አሁን ወደ «ወንዶቹ» ቡድን ልመለስ። ስቶርም በ1975 ገባች። ቆይታም መሪ ሆነች። ኃይሏን ሁሉ አጥታ ተራ ሰው በሆነችበት ጊዜ፣ በ1986፣ ማን ይምራ በሚል ከሳይክሎፕስ ጋር ለብቻቸው ተፋለሙ። እሱ ከዓይኑ የሚወጣ ጨረር አለው፣ እሷ ባዶ እጇን ናት። አሸነፈችው። ቡድኑን ይዛ ቀጠለች። በ2013 ደግሞ አባሎቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት ቡድን በሚታተመው ኮሚክ ሽፋን ላይ የተጻፈው ያው ኤክስ ሜን ነው። ማንም ለማስተካከል አልሞከረም። እኔ ይህን ሳይ እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ድል ነው ያየሁት፤ የሰውዬውን ቤት ገብተው፣ በሩ ላይ ያለውን ስሙን ሳይነቅሉ እንደ መኖር።

ስለዚህ ስሙ ባይነካ ነው የምመርጠው። ግን «ታሪክ ነው፣ አትንኩብን» ከሚሉት ጋር መቆጠርም አልፈልግም። ቡድኑ ዛሬ ቢፈጠር ኤክስ ሜን አልለውም ነበር። ኮሚኩን የሚያሳትሙትም ያወቁ ይመስለኛል። ኋላ የመጡትን ቡድኖች ኒው ሚውታንትስ፣ ኤክስ ፋክተር፣ ኤክስ ፎርስ ነው ያሏቸው። ጉድማን ልጆች አያውቁትም ብሎ የጣለው ቃል በ1982 ሽፋን ላይ ወጣ። በስሙ የተነሳ ጸብ ሰምቼ አላውቅም።

ልጅቷ ስትነሳ ለእሷ በአማርኛ ላስረዳት ሞከርኩ። «ኤክስ ሰዎች እንበላቸው» አልኳት። እዚህ ላይ ቋንቋችን ጥሩ መላ አለው፤ ብዙ ሲሆኑ ጾታ አይለይም። መጡ፣ ተዋጉ፣ አሸነፉ። ወንድ ይሁኑ ሴት ከግሱ አይታወቅም። እንግሊዝኛው የሚጨነቅበትን ነገር እኛ በአንዲት «ኡ» እናልፈዋለን።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ግድ ነው። ማን እንደሆነ ካላወቅንስ? «መጣ» ነው የምንለው። «ሰው» ራሱ የሁሉም ስም ነው እያልን፣ «ሰውዬው» ስንል ወንድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሴቷ «ሴትዮዋ» ናት። የእንግሊዝኛው «ማን»ም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ድሮ ማንኛውም የሰው ልጅ ማለት ነበር፤ ወንዱ «ዌር» ይባል ነበር። ዌር ዛሬ የቀረው እንደ ዌርዎልፍ (ተኩላ የሚሆን ሰው) ባሉ ቃላት ውስጥ ነው። ወንዱ የራሱን ስም ለተኩላው ትቶ፣ የሁሉንም ስም ወሰደ።

ተረታችንም አለ፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ»። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያወቀችው ሴት ናት፤ ግሱ ግን «ቢያውቅ» ነው። ተረቱ ገና «ያልቅ» ሳይደርስ ሴትዮዋን ከግሱ አስወጥቷታል።

ከሰዓት የብስክሌቷ ሰንሰለት ወለቀ። ልረዳት ስነሳ «ተወው፣ እኔ» አለች። ብስክሌቷን ገልብጣ በኮርቻው አቆመችው፣ ፔዳሉን በቀስታ እያዞረች ሰንሰለቱን ጥርስ በጥርስ አስገባችው። ሁለት ጊዜ አመለጣት። ሦስተኛው ላይ ቀጭ ብሎ ገባ።

«ወንዳታ!» ብዬ ጮህኩ።

ግሪስ የነካቸውን እጆቿን ዘርግታ ዝም ብላ አየችኝ።

«እሺ፣ እሺ» አልኩ። ሌላ ቃል ፈለግኩ። ለአርባ ዓመት አፌ የለመደው እሱን ነው፤ ቶሎ የሚመጣ ሌላ የለኝም። «ጎበዝ» አልኳት በመጨረሻ። «እሱ ይሻላል» ብላ እጇን በነጭ ፎጣዬ ጠረገች።

ማታ እህቴ ልትወስዳት ስትመጣ ልጅቷ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ወንዳታዋን ጨምሮ። እህቴ ሳቀች። «እናንተም እኮ ቡድን ነበራችሁ» አለችኝ። ነበረን። እሷን ጨምሮ አምስት ነበርን። ከአልጋ ላይ እየዘለልን ዓለምን እናድናለን። ዓለም ሁሌ እህቴ ነበረች፤ ታፍና የምትወሰደው፣ ወንበር ላይ የምትታሰረው እሷ ናት።

«የእማዬ ቢጫ ሻሽ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ። «ቋጠሮው እዚህ ጋ ነበር።» የእጅ አንጓዋን ከውስጥ በኩል በአውራ ጣቷ ተጫነችው። «ስማችሁ ግን ማን ነበር?»

«መብረቆቹ» አልኳት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወንድ ሴት አይልም።

«ማን ነበር የሚያስርሽ?» አለች ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች።

እህቴ አልመለሰችላትም። ወደ እኔ ብቻ አየች።