ሚግ ሚግን ሲያሳድድ

ገላን መንገድ ዳር ሬስቶራንት የከፈተ ሰውዬ የግድግዳ ሥዕል አዞኝ ነበር። የኦጋዴን የአየር ውጊያ፣ የኛ ጄት የሶማሊያን ጄት እያሳደደ፣ ከስሩ "ሐምሌ 1969" ይጻፍበት ተባባልን፣ ቅድመ ክፍያ ተቀበልኩና ስኬቹን በቴሌግራም ላኩለት። ማታ ደወለ።

"ይሄማ ኮስማና ነው፣ አፉ የታለ?"

ከጎግል አውርዶ የላከልኝ የራሺያውን ጄት ሚግ 21ን ነው፣ አፍንጫው ክፍት ሆኖ መሀሉ ላይ ሾጣጣ ያለው፣ ክንፉ ሦስት ማዕዘን። "ይሄ ያስፈራል፣ ባንዲራችንን ክንፉ ላይ አድርግበትና ጨርሰው" አለኝ።

እኔ የሣልኩት የአሜሪካውን ጄት ኤፍ 5 ኢን ነው። ሁለት ሞተር፣ አየር ማስገቢያው ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ፣ አፍንጫው ረዥምና ሹል፣ ሚሳይሉ ክንፉ ጫፍ ላይ። በዛ ሐምሌ ሚግ 21 የሶማሊያ ነበር፣ የኛ ልጆች በኤፍ 5 ወጥተው ነው የጣሉት። ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በኤፍ 5 ሲዋጉ ተመትተው ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስረዋል። እኚህን ሰው ጠላታቸው አውሮፕላን ውስጥ እንዴት ላስቀምጣቸው?

በነጋታው ግድግዳው ሥር ተገናኘን፣ አሁንም አልተዋጠለትም። "ቁርጥ ሊበላ የመጣ ሰው ሞተር ይቆጥራል እንዴ?" አለ። በዚህ መንገድ ወደ ቢሾፍቱ የሚያልፈው ሰው እኮ ስንቱ አየር ኃይል ግቢ ያደገ ነው፣ ይቆጥራል አልኩት። እዛው ሻይ የሚጠጡ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበሩ፣ ጋሼ እስቲ ይንገሩት አልኳቸው።

ጋሼ ስኬቹን በደንብ አዩትና "ልክ ነው፣ ኤፍ 5 ነው" አሉ፣ ቀጥለው ደግሞ "ሚግም ነበረን እኮ፣ ራሺያ ከመጣች በኋላ" አሉ።

ሰውዬው እጁን አጨበጨበ። "ይኸው! ነበረን! በቃ 1970 ብለህ ጻፍበት!"

ለአፍታ መልስ አጣሁ፣ ምክንያቱም ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ስናደርግ ሚጎቹ እጃችን ገብተው ነበር። ግን ሥዕሉ የካራማራ አይደለም፣ ሁለት ጄት ሰማይ ላይ ሲተናነቁ ነው፣ የሚባረረውም ሚግ ነው። ሚግ ሚግን ሲያሳድድ ከታች የሚያይ ሰው የማን ልጅ ማሸነፉን በምን ይለይ አልኩት። ዝም አለ፣ አላመነም ግን።

ያዳኑኝ ጋሼ ናቸው። "የኔ ጌታ፣ ያኔ ድሬዳዋ ሚግ መጣ ሲባል ሮጠን ጉድጓድ ነበር የምንገባው፣ ዛሬ በባንዲራዬ ተሸፍኖ እሱ ሥር ቁጭ ብዬ ሻይ ልጠጣ?" አሉት።

ኤፍ 5 ተሣለ፣ "ሐምሌ 1969" ተጻፈ፣ ቀሪ ብሬንም ከፍሎኛል፣ በብር ቅሬታ የለኝም። ዱከም በከፈተው ቅርንጫፍ ግን ሌላ ሰዓሊ አስመጥቶ ያንኑ የጎግል ሚግ ከነባንዲራው አሥሎ ከስሩ "ሐምሌ 1969" አስጽፎበታል፣ በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አሁን የጦር አውሮፕላን ሥዕል ሲመጣልኝ ውሉ ላይ የአውሮፕላኑን ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱን አስገባለሁ። ለሥዕል ይሄ ሁሉ ምንድነው ብሎ የሚስቅ ደንበኛ አለ፣ ይሳቅ፣ ሳይፈርም ብሩሽ አላነሳም።