«ወጪ አያስከትልም»

በሥራ ዘመኔ ስንት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ታቃጭላለች። «መሬቱ በስጦታ የተገኘ በመሆኑ ተጨማሪ ወጪ አያስከትልም።»

ያኔ የአንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት የቅርስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዕቅድና በጀት ላይ ነበርኩ። ከአጥራችን ጋር የሚዋሰን፣ 50 በ40 የሚሆን ግቢ የነበራቸው አዛውንት መጡና «ለቅርሱ ይሁን» አሉ። መቼም በአገራችን መሬት አይሰጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የሰጡን ይዞታቸውንና የጭቃ ቤታቸውን ነው። ይህን ሳስረዳቸው «ታዲያ ልጄ፣ የመንግሥትን ለመንግሥት ለመስጠት ይሄ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይራዋ እንዳትቆረጥ።

የበጀት ስሚው ላይ፣ ማለትም የጠየቅነውን በጀት በምናስረዳበት ስብሰባ፣ ፋይናንስ ቤት የሚፈሩት አንጋፋ ሴትዮ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያቺን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቧት።

«ዘበኛ አይፈልግም?»

«ይፈልጋል፣ እትዬ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

«ሌሊቱንስ ማን ይጠብቃል? ወይራዋ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም፤ ካልኩሌተር አወጡ። በሦስት ፈረቃ ሦስት ሰው፣ ዕረፍት የሚሸፍን አንድ፣ በድምሩ አራት የሥራ መደብ። ደንብ ልብስ፣ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ። 130 ሜትር አጥር። አሮጌውን አጥር አፍርሰን እንዳናቀላቅል ደግሞ በቅርስ ጥበቃ አዋጁ፣ በአዋጅ 209/1992፣ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስ አይነካም።

«አጥሩስ ካፒታል ነው፤ አንዴ ወጥቶ ያልፋል» አሉኝ። «ዘበኛው መደበኛ ነው። አንተም እኔም ጡረታ ወጥተን ደሞዙ ይከፈላል።»

«ጎብኚ ሲጨምር የትኬቱ ገቢ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ላም አለኝ በሰማይ» አሉና ገጹን ገለበጡ።

ከአራቱ መደብ ሁለቱ ተፈቀደ። አጥሩ ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ። የርክክቡ ሥነ ሥርዓት ግን ገንዘብ አላጣም። ባነሩ፣ ኮፍያው፣ ምሳው በሳምንት ውስጥ ተሰናዳ፤ ከየትኛው ሒሳብ መደብ እንደወጣ አልጠየቅኩም። ኃላፊያችን ማይክ ጨብጠው «ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ!» ሲሉ ሴትዮዋ ከኋላ ረድፍ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አሁን ሳስበው፣ እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ፋይሉ «በጀት ሲገኝ ይቀርባል» ተብሎ መሳቢያ ይገባ ነበር። አጠገቡ ያለው ግቢ ዛሬ ጂ ፕላስ ፋይቭ ተገትሮበታል። ወይራዋ ግን አለች። አንደኛው ዘበኛ ሥሯ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ማታ ማታ ማን እንደሚቀመጥ ግን አትጠይቁኝ።

በቀደም አንድ ወጣት ባልደረባዬ ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። በስጦታ ስለተገኘ አንድ የድሮ ቤት ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያቺው ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብላለች። በእርሳስ «ሌሊቱንስ ማን ይጠብቃል?» ብዬ ጻፍኩበት። ቆየሁና በላጲስ አጠፋሁት። ፈረምኩ።