እግሬን ያዳንኩት ለምን እንደቆሰለ ስለገባኝ ነው

ውስጥ እግሬ ላይ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ ቁስል የወጣብኝ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅኩ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ያወቅኩትም ካልሲዬ ላይ ደም ሳይ ነበር። ሕመም የሚባል ነገር አልነበረውም። ረግጬው እሄዳለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። በጣም ያስፈራኝም እሱ ነው። እንደዚያ የተቦረቦረ ሥጋ እንዴት አያምም?

ቁስሉ አሁን ድኗል። ሕክምናው ትልቁን ሥራ ሠርቷል። ግን ሐኪሞቹ የሚሉኝን እስከ መጨረሻው እንድፈጽም ያደረገኝ፣ እግሬ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ መረዳቴ ነው። «እንዳይረግጡት» ሲሉኝ ምክንያቱን ባላውቅ ኖሮ ብዙም አልታገስም ነበር። የማያም እግርን አለመርገጥ ከባድ ነው።

መነሻው ነርቭ ነው። ጡንቻ ስኳር ለማስገባት በአብዛኛው ኢንሱሊን ይፈልጋል፣ ነርቭ ግን አይፈልግም። ስለዚህ ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ነርቭ ውስጥም ይበዛል። ትርፉን አልዶዝ ሪዳክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ሶርቢቶል ይለውጠዋል። ይህ ሥራ ደግሞ ሴሉ ራሱን ከጎጂ የኦክሲጅን ውህዶች የሚከላከልበትን አቅም ያሟጥጥበታል። በዚያ ላይ ነርቩን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ መተላለፊያቸውም ይጠባል። ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው። ከወገብ ተነስተው እግር ጣት ድረስ የሚወርዱት ማለት ነው። መደንዘዙ ከጣት ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። የነርቭ ጉዳት ካለባቸው የስኳር ሕሙማን እስከ ግማሽ የሚሆኑት ምንም ምልክት ላይሰማቸው ይችላል። ማቃጠልም፣ መውረርም የለም። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ይኖራል።

እኔ ግን ነገሩ በመደንዘዝ ብቻ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። አያልቅም። እግር ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጡንቻዎች የሚያዙት ነርቮችም ይዳከማሉ። ያኔ ጣቶች ይቆለመማሉ፣ ከጣቶች ሥር ያሉት አጥንቶች ወደ ታች ይገፋሉ፣ እነሱን የሚደግፈው የስብ ትራስም ከቦታው ይንሸራተታል። ላብን የሚቆጣጠሩት ነርቮች ሲጎዱ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስኳር ከፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ደግሞ ጅማትና መገጣጠሚያ ይደርቃሉ። የተረከዝ ጅማት እንደልብ አይለጠጥም፣ ቁርጭምጭሚት በደንብ አይታጠፍም፣ ክብደቱ ሁሉ እግር ፊት ላይ ያርፋል።

ቆዳው ይህን ጫና ለመቋቋም ይጠነክራል። የጠነከረው ቆዳ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆኖ ይጫናል። ከሥሩ ያለው ሥጋ ይደማል፣ ይሞታል፣ በመጨረሻ ይከፈታል። ጤነኛ ሰው ትንሽ ሲያመው አረጋገጡን ይቀይራል፣ ያነክሳል። እኔ እንዳነክስ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም።

ይህን ለዓለም ካሳዩት ሐኪሞች አንዱ ፖል ብራንድ ናቸው። ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ፣ የእግር ቁስል በብዛት የሚመጣው ሕመም የማይሰማው እግር ደጋግሞ ስለሚረገጥ መሆኑን አስተዋሉ። በኋላ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ሲሠሩ ይኸው ዕውቀት ለስኳር ሕሙማንም ተረፈ። ስለ እሳቸው ካነበብኩ በኋላ «የስኳር ቁስል አይድንም» የሚለውን ወሬ ከጭንቅላቴ አወጣሁት።

መጀመሪያ የተደረገልኝ የደም ዝውውር ምርመራ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚለካው የደም ግፊት ከክንድ ጋር ይነጻጸራል። እዚህ ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በስኳር ሕመም የደም ሥር ግድግዳ ካልሲየም ሊያጠራቅምና ሊደድር ይችላል። የደደረ ሥር ደግሞ ስለማይጫን ልኬቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ የእግር ጣት ግፊትም እንዲለካልኝ ጠየቅኩ። ደም እንደሚደርስ ሲረጋገጥ፣ ሐኪሙ የጠነከረውን ቆዳ በምላጭ ላጠው። ከዚያ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን ጫና የሚቀንስ፣ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ የማይወልቅ ጄሶ ታሰረልኝ። ደም የማይደርሰው ወይም ክፉኛ ያመረቀዘ እግር ላይ እንዲህ ያለ ጄሶ ዝም ብሎ አይታሰርም።

የማይወልቀውን የመረጥኩት አውቄ ነው። የሚወልቅ መከላከያ ጫማ በተሰጣቸው ሕሙማን ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ ጫማውን አድርገው የተራመዱት ከጠቅላላ እርምጃቸው 28 በመቶውን ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ስለማያማቸው ነው። እኔም ያው ሰው ነኝ።

ቁስሉ ሲዘገይ ተስፋ ያልቆረጥኩትም ምክንያቱን ስለማውቅ ነው። ስኳር ከፍ ሲል ነጭ የደም ሴሎች ተህዋስያንን የመግደል አቅማቸው ይቀንሳል። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች መጀመሪያ ይዋጋሉ፣ ቀጥሎ ወደ ጥገና መዞር አለባቸው። በስኳር ሕመም ግን ውጊያው ላይ ይቆያሉ። አዲስ የሚሠራው ሥጋ ራሱ በኢንዛይም ይፈርሳል። በዚያ ጊዜ የደም ስኳሬን በጥንቃቄ እለካ ነበር። ያለ ምክንያት ሽቅብ ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከባድ ኢንፌክሽን እያለም ትኩሳት ላይኖር ስለሚችል ትኩሳትን መጠበቅ አያዋጣም።

ቆዳው ገጠመ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ከዳኑት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት፣ 65 በመቶ ያህሉ ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ነርቩም፣ የተቆለመመው ጣትም ያው ናቸውና። ስለዚህ ጫማ ከማድረጌ በፊት እጄን አስገብቼ ውስጡን እዳስሳለሁ። ቤት ውስጥም ባዶ እግሬን አልሄድም። ቅባት እቀባለሁ፣ በጣቶቼ መሃል ግን አይነካም፣ እርጥበት ያቆይበታል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ስለወሰድኩ፣ እሱ ሊቀንሰው የሚችለውን ቫይታሚን ቢ12 አስለክቻለሁ፤ ቫይታሚኑ ሲያንስም ነርቭ ይጎዳልና።

ስኳር ላለበት ለማውቀው ሰው ሁሉ የማሳየው አንድ ቀላል ፈተና አለ። ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላ ሰው የሁለቱንም እግሮች አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ጣት ጫፍ ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በስሱ ይነካል። መጫንም፣ ማሸትም የለም። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነውና ሐኪም ይይለት።

በየቀኑ ደግሞ የሁለቱን እግሮቼን ሙቀት ተመሳሳይ ቦታ ላይ በቆዳ ቴርሞሜትር እለካለሁ። ሥጋው ሊከፈት ሲል ቀድሞ ይግላል። ልዩነቱ ከ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ በልጦ በማግስቱም ካልወረደ፣ መራመዴን ቀንሼ ለክሊኒኩ እደውላለሁ። እግር ቁስል ሳይኖረው በድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላና ቢግል ግን ማግስቱን አልጠብቅም። አጥንቱ ውስጥ ውስጡን እየተሰባበረ ሊሆን ስለሚችል ሳልረግጠው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ።