ሁለተኛው ክኒን ሳይገኝ የመጀመሪያውን አትጀምሪ

ማህፀንሽ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ብቻውን አትውሰጂ። ይህን በጊዜው የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት ጊዜ የማህፀን ናሙና ባልተወሰደብኝ፣ ያን ሁሉ ደምም ባላፈሰስኩ ነበር። ጅማ ላይ ሆኜ የማረጥ ዋዜማን፣ ማለትም የወር አበባ ከመቋረጡ በፊት ያሉትን የተዘበራረቁ ዓመታት፣ እንዴት እንደታከምኩ የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። ሌላውን እግረ መንገዴን አነሳዋለሁ።

ምልክቶቹ በ47 ዓመቴ ጀመሩ። ከደረቴ ተነስቶ አንገቴንና ፊቴን የሚያግል ወላፈን፣ ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ በላብ የሚያጠምቀኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ ማደር። የልብ ምት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም። የወር አበባዬ አንዴ በ19 ቀን መጣ፣ አንዴ 52 ቀን ቆየ። ጎረቤቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ይዛልኝ መጣች፤ ክሊኒክ ደግሞ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ።

የታይፎይዱ ነገር ብዙ ሴት የምትወድቅበት ስለሆነ እንዳትሸወጂ። በየክሊኒኩ የሚሠራው የቪዳል ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያይም፤ የሚያየው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ከድሮ ሕመም፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን ተርፎ ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። አንድ ጊዜ በተወሰደ ቪዳል ብቻ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ አትዋጪ። ከሁሉ በፊት ቴርሞሜትር ግዢና ላቡ ሲያጠምቅሽ ለኪው። ወላፈን ቢያቃጥልም ትኩሳት አይደለም፤ ቴርሞሜትሩ ከ37 ብዙም ከፍ አይልም። 38 እና ከዚያ በላይ ካሳየሽ ወባ መመርመሩ ትክክል ነው፤ ጅማና አካባቢዋ ወባ አለ። ከሌሊት ላቡ ጋር ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም የክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይቅደም። እንቅርት ያለባት ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ (ቲኤስኤች) ታሠራ፤ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ላቡንም፣ የልብ ምቱንም፣ የወር አበባውን መዛባትም ቁጭ አድርጎ ያስመስላል።

የወር አበባ በቀረ ቁጥር የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ በ47 ዓመትም ይረገዛል። ኤፍኤስኤች የሚባለውን የሆርሞን ምርመራ ካዘዙልሽና ዕድሜሽ ከ45 በላይ ከሆነ ገንዘብሽን አታውጪ። በዚህ ዕድሜ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ይወጣል ይወርዳል፤ ዛሬ ልክ ነው ቢልሽ ምንም ማለት አይደለም። ከ45 በላይ ላለች ሴት ምልክቱና የወር አበባው መዛባት ይበቃል። ከ40 ዓመት በታች ሆና የወር አበባዋ ለቆመ ሴት ግን ምርመራው ግዴታ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ።

ሆርሞን ከመጀመሩ በፊት የደም ግፊት ተለካሁ፣ ጡቴ ታየ፣ የእግር ወይም የሳንባ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የጡት ካንሰር፣ የጉበት በሽታ እንዳለብኝ ተጠየቅሁ። እነዚህ ካሉብሽ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም እየፈሰሰሽ ከሆነ፣ ሆርሞን አይጀመርም።

አሁን ወደ ተበላሸው ደረጃ ልግባ።

ሐኪሙ ሁለት መድኃኒት አዘዘልኝ፦ ኢስትራዲዮል ቫለሬት (ኢስትሮጅኑ ይህ ነው) 2 ሚሊ ግራም በየቀኑ፣ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን (የፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን) 10 ሚሊ ግራም ደግሞ በየወሩ ለ12 ቀን። በአንድ ማዘዣ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተጽፏል። ለምን ሁለት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ፋርማሲው የመጀመሪያው ብቻ ነበረው። «ማዘር፣ ይሄኛውን ይጀምሩት፤ ያኛው ሲገባ ይጨምሩታል» አለኝ ልጁ። ሌላ ፋርማሲ ስጠይቅ «ይሄማ የወር አበባ ለማምጣት ነው፤ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?» ተባልኩ። ማዘዣ ላይ የተጻፈን መድኃኒት አያስፈልግም ለማለት ማን ሥልጣን እንደሰጣቸው ዛሬም አይገባኝም።

ኢስትራዲዮሉ በሦስተኛው ሳምንት ወላፈኑን አጠፋልኝ። እንቅልፌ ተመለሰ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፦ ሲሻለኝ ሁለተኛውን መፈለግ ተውኩ። 5 ወር ኢስትሮጅን ብቻ ወሰድኩ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ለክትትል ሄጄ ነበር፤ ግፊት ተለካ፣ «እንዴት ነሽ?» ተባለ፣ ክኒኖቹን አውጥተሽ አሳዪኝ ያለኝ ግን አልነበረም።

በማህፀን ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ኢስትሮጅን የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ያሳድጋል። ፕሮጄስትሮን እድገቱን ይገታዋል፤ ፕሮጄስትሮኑ ሲቆም ያደገው ረግፎ እንደ ወር አበባ ይወጣል። ገቺና አርጋፊ ከሌለ ግድግዳው በላይ በላዩ ይወፍራል፤ ውሎ አድሮ ሕዋሶቹ መልካቸውን ይቀይራሉ፤ ከዚያ ካንሰር ሊከተል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው ፔፒ በተባለው ጥናት ኢስትሮጅንን ብቻውን ለ3 ዓመት ከወሰዱ 100 ሴቶች በ62ቱ ላይ ይህ የግድግዳ መወፈር ታይቷል። ፕሮጄስትሮን የተጨመረላቸው ምንም ካልወሰዱት እምብዛም አልተለዩም። «ያኛው ሲገባ ይጨምሩታል» የሚባል ነገር አይደለም።

በአምስተኛው ወር የጀመረኝ ደም 16 ቀን አልቆመም። የረጋ ደም ነበረው፤ ሄሞግሎቢኔ 8.9 ደረሰ። (ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ ሁለት ሰዓት ካለፈ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።) መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ተቋም የማህፀን በር ምርመራ አደረገልኝ፤ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የሚታየውን። «ካንሰር የለብዎትም፤ ዕድሜ ነው» ብለው ብረት ሰጥተው መለሱኝ። አምስት ሳምንት የባከነው እዚህ ነው። ያ ምርመራ የማህፀን በርን ብቻ ነው የሚያየው። የማህፀን ውስጡን አያይም፤ ሊያይም አይችልም። ለማህፀን በር ካንሰር ጥሩ ምርመራ ነው፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሁሉ ታድርገው፤ ነገር ግን ከ45 ዓመት በኋላ ያለ ልክ ለሚፈስ ደም መልስ አይሆንም። «የማህፀን በር ነው ወይስ የማህፀን ውስጥ?» ብለሽ ጠይቂ።

የሚያስፈልገው በሴት ብልት በኩል የሚሠራ አልትራሳውንድና የግድግዳው ናሙና ነው። በአልትራሳውንዱ ግድግዳዬ 17 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። አንብበሽ እንዳትደናገጪ፦ 4 ሚሊ ሜትር የሚባለው ወሰን ማረጥ ካለፈ በኋላ ደም ለሚያዩ ሴቶች ነው፤ የወር አበባ እያየች ላለች ሴት ውፍረቱ እንደ ቀኑ ይለያያልና ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ፍርዱ የናሙናው ነው። ናሙናው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ተመጥጦ ይወሰዳል፤ ተኝቶ ማደር የለበትም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ሕመሙ ግን እንደ ምጥ ጅማሬ ይቆነጥጣል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካላመመሽ ከአንድ ሰዓት በፊት አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ውሰጂ። ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና የሚመረመርበት ላቦራቶሪ) ይዘሽ እንድትሄጂ ከተሰጠሽ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፎርማሊን መሆኑን፣ ስምሽና ቀኑ መጻፉን አረጋግጪ፤ ውሃ ወይም ሳላይን ውስጥ የዋለ ሥጋ ይበላሽና እንደገና ትቆነጠጫለሽ።

የእኔ ውጤት መወፈር አለ፣ የሕዋስ መለወጥ ግን የለም የሚል ነበር። ኢስትሮጅኑ ቆመ፤ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን 10 ሚሊ ግራም በየቀኑ ለ6 ወር ያለማቋረጥ ወሰድኩ፤ ከዚያ ሁለተኛ ናሙና ተወሰደ፣ ንጹሕ ሆነ። በዚያ ስድስት ወር የሌሊት ላቡን ጋባፔንቲን 300 ሚሊ ግራም ማታ ማታ በመጠኑ አስታገሰልኝ። ሆርሞን ለማይፈቀድላት ሴት እሱና ቬንላፋክሲን ጥሩ አማራጮች ናቸው። ስለ ብረቱ፦ የጅማ ሰው ነንና ቡናው አይቀርም፤ ግን አቦሉን እየጠጡ ብረት መዋጥ ብረቱን መድፋት ነው። ከቡና አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። ወላፈኑንም የሚቀሰቅሰው ትኩስ ትኩሱ ነው፤ ቶናና በረካውን አብርጄ ስጠጣ ልዩነት አይቻለሁ።

አሁን የምወስደው ኢስትራዲዮል 1 ሚሊ ግራም በየቀኑና የተፈጥሮው ዓይነት ፕሮጄስትሮን 200 ሚሊ ግራም ለ12 ቀን ማታ ስተኛ ነው። ስለሚያስተኛ ጠዋት አይዋጥም። ቀኑን ላለመርሳት በራሳችን የቀን አቆጣጠር አሰርኩት፦ ከልደታ እስከ ሚካኤል፣ ከወሩ 1 እስከ 12። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ማስላት የለም። ደሙ ከሚካኤል በኋላ፣ ኪዳነ ምሕረት ሳይደርስ ወይም እዚያው ገደማ ይመጣል። እንዲያ ከሆነ ሥርዓቱን ጠብቋል ማለት ነው። ክኒኑ ገና ሳያልቅ በአቡዬ ወይም በሥላሴ ደም መምጣት ከጀመረና ከተደጋገመ ግን ፕሮጄስትሮኑ እየበቃ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

ሌሎች ማወቅ ያለብሽ ነገሮች አሉ። «ሉፕ አለኝ፣ ማህፀኔን ይጠብቅልኛል» የምትል ካለች፣ የመዳቡ ሉፕ ሆርሞን የለውም፣ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን 52 ሚሊ ግራም ያለበት ሉፕ ነው፤ እሱም 5 ዓመት ብቻ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ለዚህ ሥራ በቂ መሆኑ አልተረጋገጠም።

ከ50 ዓመት በታች ሆና ግፊት የሌላት፣ የማታጨስ፣ ዓይኗ ፊት ብልጭ ድርግም የሚልባት ማይግሬን የሌለባት ሴት፣ እኔን ብትጠይቀኝ በተለመደው የቤተሰብ ምጣኔ ክኒን ትጀምር እላለሁ። ብዙ ባለሙያ «እሱ የልጆች ነው» ብሎ ያጣጥለዋል፤ አልስማማም። ሁለቱ ሆርሞኖች በአንድ ክኒን ውስጥ ስላሉ ማንም ፋርማሲ ሊነጥላቸው አይችልም፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ እርግዝናም ይከላከላል። እኔ የምወስደው ሕክምና እርግዝና አይከላከልም። የክኒኑ ጉድለት ቡናማዎቹ 7 ፍሬዎች ብረት ብቻ መሆናቸው ነው፤ በእነዚያ ቀናት ወላፈኑ ሊመለስ ይችላል።

«ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» የሚለው ፍርሃት እ.ኤ.አ. በ2002 ከተቋረጠው የአሜሪካ ጥናት የመጣ ነው። በዚያ ጥናት የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ የተገኘው የጡት ካንሰር ጭማሪም በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ገደማ ነው። እሱን ቀላል አልለውም፤ ጡቴን በየጊዜው አስመረምራለሁ። ግን በ47 ዓመቷ እንቅልፍ ያጣችን ሴት በዚያ ቁጥር አስፈራርቶ መመለስ ትክክል አይደለም። «2 ዓመት ሞላሽ፣ አቁሚ» የሚለውንም አልቀበልም፤ መቆሙ የሚወሰነው በየዓመቱ ግፊትሽ፣ ጡትሽና ምልክትሽ ታይቶ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለሽ በክኒኑ ፈንታ የሚለጠፈውን አስልኪ፤ በቆዳ የሚገባ ኢስትሮጅን እንደ ክኒኑ የደም መርጋትን አይጨምርም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ ከወገብ በታች ይለጠፋል፣ ጡት ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም፤ ቅባት ወይም ቫዝሊን ያለበት ቆዳ ላይ በላብ ይነሳል። ስትልኪላቸው ግን «ፕሮጄስትሮኑንም» በይ። ለመድረቅና ሽንት ሲሸኑ ለሚያቃጥለው ደግሞ በብልት የሚገባው 10 ማይክሮ ግራም ኢስትራዲዮል አለ፤ ሁለት ሳምንት በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ እሱ ፕሮጄስትሮን አይፈልግም።

እኔ ዘንድ የሁለቱም የ3 ወር ክምችት አለ። አንዱ ካለቀና ካልተገኘ ሌላውንም አቆማለሁ። 51 ዓመት ሲሞላኝ ሐኪሜ ፕሮጄስትሮኑ በየሌሊቱ 100 ሚሊ ግራም ወደሚወሰድበት ሥርዓት ሊያዞረኝ ቀጠሮ ይዟል፤ ያኔ ወርሃዊው ደም ይቀራል፣ ከልደታ እስከ ሚካኤል ያልኩትም ያበቃል።