ከቀኑ 8 ሰዓት

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ 23ኛ ቀኑ። ከእሑዱ መፃጉዕ፣ የበሽተኛው ታሪክ ከሚነበብበት ሰንበት፣ ወዲህ አንድ ነገር ውስጤ እየተመላለሰ ስለሆነ ሳልረሳው ልጻፈው።

ጫት የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ለፈተና ሌሊቱን ለመግፋት ነበር። ተመርቄ የሞባይል ጥገና ሱቅ ስከፍት ጫቱም አብሮኝ ገባ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ፍራሽ አነጠፍኩ። 8 ሰዓት ሲሆን በሩን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። 9 ዓመት እንዲህ ሆነ። ጫት ካደረ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በየቀኑ ትኩሱን ፍለጋ መውጣት ግድ ነው። በኮባ የተጠቀለለው እስር ሲፈታ የሚወጣው የእርጥብ ቅጠል ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። በዓመት በዓል እንኳ እናቴ ቤት ምሳ በልቼ ሰዓቴን አያለሁ። "ልጄ፣ በረካው ሳይደርስ ልትሄድ ነው?" ትለኛለች። ወዴት እንደምሄድ ታውቃለች።

ለማቆም ያልወሰንኩበት ጠዋት የለም። ጠዋት መወሰን ቀላል ነው። ሐራራው የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ያዛጋኛል፣ ዓይኔ ያነባል፣ ጣቴ ይዝላል። የጤፍ ፍሬ የምታክለው የስልክ ብሎን ከመፍቻው ጫፍ ሦስቴ አራቴ ትወድቅብኛለች።

ጾሙ ሊገባ ሲል ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"በስንት ሰዓት ነው የምትቀመጠው?" አሉኝ።

"8 ሰዓት፣ አባ።"

"በጾሙ በዚያ ሰዓት እኛ ቅዳሴ ላይ ነን። ና፣ ልጄ።"

በየቀኑ 41 ስግደትም ሰጡኝ። በዐቢይ ጾም የአዘቦት ቀን ቅዳሴ ከሰዓት እንደሚቀደስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከእኔ ሰዓት ጋር መግጠሙን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

የመጀመሪያው ሰኞ ሱቁን ዘግቼ፣ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዴ ባዶ ነው። ዲያቆኑ "እለ ትነብሩ ተንሥኡ" አለ። የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ፍራሼ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እንባዬ መጣ።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት፣ ዱካኩ፣ ያባንነኛል፤ ተነስቼ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ አንድ ጓደኛዬ ይዞ መጣና ቃምኩ። ከመቃሜ የባሰው የማግስቱ ኀፍረት ነው። "አሁን በምን ፊቴ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?" አልኩ። ጫት እንደዚህ ነው ሰውን የሚያስቀረው፤ መጀመሪያ ያስቀምጠዋል፣ ቀጥሎ ያሳፍረዋል። እንደምንም ሄድኩ። አባ መስቀሉን አሳለሙኝና "ትናንት ቀረህ፣ ዛሬ መጣህ" ብለው አለፉ። ሌላ ቃል አልተናገሩኝም።

እሑድ የተነበበው ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው። ሰውዬው 38 ዓመት ታሟል። ጌታ "ልትድን ትወዳለህን?" አለው። ሰውዬው ግን አዎ አላለም፤ "ሰው የለኝም" ነው ያለው። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ! ጓደኞቼ ናቸው፣ የሥራው ጭንቀት ነው፣ ብቸኝነቱ ነው። ጌታ አልወቀሰውም። ተነሣ፣ አልጋህን ተሸከም አለው። አልጋውን ማሸከሙን እስካሁን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፍራሹን ጠቅልዬ ከጓዳው አወጣሁት። የግቢው ጥበቃ "ጋሼ፣ ልትለቅ ነው እንዴ?" አለኝ። "ሱቁን አልለቅም፤ ውሰደው" አልኩት። ፍራሹ የነበረበት ጥግ ላይ የደረቀ የጫት ገራባ ቀርቶ ነበር፤ ጠረግኩት። ሰዓቴን ሳይ 6፡40 ሆኗል። ነጠላዬን አነሳሁ።