ቶማቲዮ ብቻውን አያፈራም

አንድ እግር ቶማቲዮ ተክላችሁ ፍሬ አትጠብቁ። ይህን ችግኙን የገዛሁ ቀን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባልደረሰብኝ ነበር። ማንም አልነገረኝም። ጠይቄ እንኳን አልተነገረኝም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ለማታውቁት፣ ቶማቲዮ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። ከቲማቲም፣ ከድንችና ከቃሪያ ጋር ቤተሰብ ነው። ፍሬው አረንጓዴና ጎምዛዛ ሲሆን ወረቀት በሚመስል ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚያድገው። ሜክሲካውያን ሳልሳ የሚሉትን አረንጓዴ ማባያ የሚሠሩት በእሱ ነው። እኔ የፈለግሁት ለዳጣ ነው። ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሲፈጭ ሎሚ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የጓሮዬ አፈር ቀይ ሸክላ ስለሆነ ኮምፖስት ደባልቄ መደቡን ከፍ አደረግሁት። ፀሐይ ሙሉ ቀን ያገኛል። ችግኙን ሜይ አጋማሽ ላይ ተከልሁ፣ ድጋፍ አቆምሁለት፣ ውኃ አጠጣሁ። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ ቲማቲም የተከለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ችግኝ መሸጫው ውስጥ ሠራተኛውን፣ «ለአንድ ቤተሰብ ስንት ይበቃል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «አንድ ይበቃሻል፣ በጣም ነው የሚያፈራው» አለኝ። ችግኙ ላይ የተሰካው ካርድ ላይ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ውኃና ስለ ርቀት ተጽፏል። ሌላ ነገር የለም።

ተክሉ እንዴት አማረበት መሰላችሁ! ቅርንጫፉ ከድጋፉ አልፎ መሬት ላይ ተዘረጋ። አበባው ቢጫ ነው፣ መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። ንቦቹ ከጠዋት ጀምሮ አይለቁትም። ግን አበባው በጣት ነካ ስታደርጉት ከነዘንጉ ይወድቃል። ጠዋት ጠዋት መደቡ ላይ ቢጫ ተነጥፎ አገኘዋለሁ። አንዳንዱ አበባ ሳይረግፍ ቀርቶ ሽፋኑ እንደ ትንሽ ፋኖስ ተነፋ። ደስ አለኝ። በሁለት ጣቴ ጫን ሳደርገው ጭልጥ ብሎ ገባ። ውስጡ አየር ብቻ ነው።

ፎቶ አንስቼ ወደ ችግኝ መሸጫው ተመለስሁ። አበባ የሚያጠነክር ማዳበሪያ ሸጡልኝ። ጨመርሁ፣ ቅጠል በቅጠል ሆነ። የአትክልት ምክር ወደሚሰጥ የስልክ መስመር ደወልሁ። «ሙቀቱ ነው፣ ቀዝቀዝ ሲል ይይዛል» ተባልሁ። ሙቀት አበባ እንደሚያረግፍ እኔም አውቃለሁ። ስንት እግር እንደተከልሁ ግን የጠየቀኝ የለም። ደግሜ ስደውል ሌላ ሰው አነሳና በመጨረሻ እውነቱን ነገረኝ፤ ቶማቲዮ በገዛ ራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ አይዝም፣ ሁለት እግር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጁላይ ስለነበር ችግኝ የትም የለም ስለው፣ «ችግር የለውም፣ ግንዱ በቀላሉ ሥር ያወጣል፣ ቆርጠሽ ትከዪው» አለኝ።

ቆረጥሁ። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቆምሁት፣ አንጓው ላይ ነጫጭ ሥር ወዲያው አወጣ። ተከልሁት፣ አደገ፣ አበበ። ንቦቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳሉ። አንድም ፍሬ የለም!

ምክንያቱን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ሜክሲካዊት ናት። «ሁለተኛውን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «እሱ እኮ ያው ነው!» ከአንድ ተክል የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሥር ቢያወጣም፣ ራሱን ችሎ ቢቆምም፣ ዘሩ ያው አንድ ነው። ተክሉ የራሱን ብናኝ ለይቶ ስለሚያውቅ አይቀበለውም። የሚያስፈልገው ከሌላ ዘር የበቀለ እግር ነው። የዘሩ ዓይነት አንድ ቢሆንም ችግር የለም፤ ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት ዘሮች ይበቃሉ።

በማግስቱ ከራሷ ጓሮ ያበበ ቅርንጫፍ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። ማታ ቤት ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጓሮ ወጣሁ። በጆሮ ጥጥ ብናኙን እያነሳሁ የእኔዎቹ አበቦች መሀል ላይ ቀባሁ። ቅርንጫፉንም ውኃ ባለው ጠርሙስ አድርጌ አጠገባቸው ተውሁት፣ የቀረውን ንቦቹ ይጨርሱት ብዬ። ያን ሰሞን ሽፋኖቹን ጫን ጫን ሳደርግ ውስጣቸው ጠጠር ያለ ነገር ነካኝ። ውርጭ ሳይመጣ ለቀምሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም።

አሁንም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ እዚያው መሸጫ ብሉቤሪ የሚባለው የፍሬ ተክል ካርድ ላይ «ለጥሩ ምርት ሁለት የተለያየ ዓይነት ይትከሉ» የሚል ተጽፏል። ቶማቲዮው ላይ አንድ መስመር መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ማዳበሪያ ለመሸጥ ጊዜ ነበራቸው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ከዘር አስነሱ። ውርጭ ሊያበቃ 6 ወይም 8 ሳምንት ሲቀረው ቤት ውስጥ ዝሩት። ችግኝ ከገዛችሁ በአንድ ዕቃ ሁለት የበቀሉበትን ፈልጉ፣ አንዱንም አትንቀሉ። ፓኬቱ 3 ጫማ ያህል አራርቁ ይላል። እኔ ግን ሁለቱን አቀራርቤ በአንድ ድጋፍ ነው የማሳድገው፣ ጓሮዬም ትንሽ ናት። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ አትጨምሩ። ቅጠሉን የሚበላ ቢጫ ጥቁር መስመር ያለው ጢንዚዛ ይመጣል። ትል የሚመስለው እጩ የራሱን ኩስ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነው የሚሄድ፣ ያስጠላል። በጓንት እየለቀማችሁ ሳሙና ውኃ ውስጥ ጨምሩት። መድኃኒት አትርጩ፣ ንቦቹን ትፈልጓቸዋላችሁ። ቅጠሉና ሽፋኑ መርዛማ ስለሆነ ሕፃናት አፋቸው እንዳይከቱት።

ሽፋኑ እስኪሰነጠቅ ጠብቁ የሚለውን እኔ አልከተልም። ፍሬው ሽፋኑን ሲሞላው፣ ገና አረንጓዴና ጠንካራ ሳለ ነው ጎምዛዛነቱ። ቢጫ ካለ ይጣፍጣል፣ ለዳጣ አይሆንም። ሽፋኑን ልጣችሁ ፍሬው ላይ የሚያጣብቀውን በሞቀ ውኃ እጠቡት፣ ጠቆር ጠቆር እስኪል ምጣድ ላይ ጥበሱት፣ ከቃሪያው ጋር ፍጩት። ከጥብስ ጋር ሞክሩትማ።

መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይበቅላል። ከዘር የወጡ ስለሆኑ እርስ በርስ ይዳቀላሉ፣ ችግኝ መግዛት አቁሜያለሁ። የተረፈኝን ለሰው እሰጣለሁ፣ ግን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ነው። አንድ ብቻ ይበቃኛል ያለኝን ሰው ሁለተኛውን ሳላስይዘው አልለቀውም።